ባለቤት ሲቀየር ምን ፈርሚ ይሉሻል?

አይ፣ እስክሪብቶውን አስቀምጪና መጀመሪያ ወረቀቶቹን ስጪኝ። ሁለት ናቸው አይደል? አንደኛው «በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን ለቅቄያለሁ» ይላል፤ ሁለተኛው ከአዲሱ ባለቤት ጋር የምትገቢው የስድስት ወር ውል ነው። ቀኑን አየሽው? ሁለቱም ላይ አንድ ቀን ነው የተጻፈው። ጠዋት ለቀሽ፣ ከሰዓት ተቀጠርሽ። ኤች አሩ ደግሞ «ፎርማሊቲ ነው፣ ሁሉም ፈርሟል፣ እስከ ሐሙስ መልሺልን» ብሎሻል። እኔ ዕድሜዬን ሂሳብ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ፎርማሊቲ ተብሎ የመጣ ወረቀት መጨረሻው ፔሮል ላይ ሲያርፍ ነው የማየው።

ሆቴሉ መሸጡን እኔም ሰምቻለሁ። ይሸጥ፤ የሰውየው ንብረት ነው። አንቺ ግን ከአልጋውና ከጄኔሬተሩ ጋር ርክክብ የሚደረግብሽ ዕቃ አይደለሽም፣ ሥራሽን እንደ አዲስ የምትለምኚም አይደለሽም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 16 ላይ፣ ድርጅት ከሌላ ጋር ቢዋሃድ፣ ቢከፋፈል ወይም ባለቤትነቱ ወደ ሌላ ሰው ቢተላለፍ የሥራ ውልሽ አይለወጥም ይላል። አንቀጽ 23 ደግሞ በዚሁ ምክንያት ውሉ አይቋረጥም ብሎ ይዘጋዋል። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ 377/1996ም ይህንኑ ይዞ ነበር፤ ማናጀሩ «አዲስ ሕግ ነው፣ ገና አልተለመደም» እንዳይልሽ ብዬ ነው።

ደግሞ በዚህ አገር ባለቤት ሲቀየር የእናንተ ቤት የመጀመሪያው አይደለም። ሰበታ ያለው ሜታ አቦ ቢራ በ2004 ዓ.ም. ከመንግሥት ወደ ዲያጆ ሄደ፤ አሥር ዓመት ቆይቶ በ2014 ዓ.ም. ዲያጆ ለቢጂአይ እናት ኩባንያ ለካስቴል ሸጠው። በደሌና ሐረር ቢራ በ2003 ዓ.ም. የሄኒከን ሆኑ። ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በ2008 ዓ.ም. ከንግድ ባንክ ጋር ተዋሃደ። ጠማቂው፣ ሾፌሩ፣ የባንኩ ገንዘብ ከፋይ በየባለቤቱ ከዜሮ ጀምር ቢባል ኖሮ ሠላሳ ዓመት ሠርቶ እንደ ጀማሪ የሚሸኝ ሰው በየከተማው በሞላ ነበር። ሕጉ የተጻፈው ይህ እንዳይሆን ነው።

እንግዲያው ሕጉ እንዲህ ግልጽ ከሆነ ይህን ሁሉ ወረቀት ለምን ያስፈርሙሻል? ሚስጥሩ እዚህ ጋ ነው። ሽያጩ ብቻውን ውልሽን መለወጥ አይችልም። ውል የሚለወጠው በኅብረት ስምምነት፣ አዋጁን ተከትሎ በወጣ የሥራ ደንብ፣ ወይም ሁለታችሁ በጽሑፍ ስትስማሙ ነው። ስለዚህ ሽያጩ ማድረግ ያልቻለውን የአንቺ ፊርማ እንዲያደርግላቸው ነው የፈለጉት። «ሁሉም ፈርሟል» የሚባለውም ለዚሁ ነው፤ እስቲ እኔ አላምንም፣ በሩ ላይ ያሉትን ጋሼ ጠይቂያቸው።

አሁን ሁለተኛውን ወረቀት እንየው። «60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ» ይላል። ስምንት ዓመት አልጋ ያነጠፍሽበት ቤት ሊሞክርሽ ነው! በሙከራ ጊዜ ያለን ሠራተኛ «ለሥራው አልተስማማም» ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ማሰናበት ይቻላል፤ ለአዲስ ሰው የተሠራ ሕግ ስለሆነ። ያው አሠሪ ያንኑ ሰው ለዚያው ሥራ መልሶ ቢቀጥረው እንኳ የሙከራ ጊዜ እንደሌለ አዋጁ ራሱ አስቀምጧል። ቀጥሎ «ውሉ ለስድስት ወር የጸና ነው» ይላል። የሥራ ውል በመሠረቱ ላልተወሰነ ጊዜ እንደሆነ ይቆጠራል፤ ለተወሰነ ጊዜ የሚደረገው አዋጁ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ነው፤ ለምሳሌ የታመመ ሰው ለመተካት፣ ድንገት የበዛ ሥራ ለማቃለል። ሆቴል ውስጥ ክፍል ማጽዳት የትኛው ነው? እንግዳ እስካለ አልጋ ይነጠፋል።

ይኸውልሽ ደግሞ፣ ዓመት ፈቃድ «16 የሥራ ቀን»። ይህ የመጀመሪያ ዓመት ሠራተኛ ፈቃድ ነው። ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል፤ አንቺ 19 ደርሰሻል። ሦስት ቀን ምን አላት ትዪኝ ይሆናል፤ ግን የሦስቷ ቀን ነገር የሚነግርሽ ሌላ ነው፦ ይህን ውል የጻፈው ሰው ስምንቱን ዓመትሽን ከነጭራሹ ሰርዞታል።

ብሩን እንደምረው፤ የወረቀቱን ጀርባ ስጪኝ። መነሻ ደመወዝሽ 6,000 ብር ነው። የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ 6,000። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ 2,000 ሲባዛ በ7፣ 14,000። ድምሩ 20,000 ብር። አዲሱ ሰውዬ ነገ ሠራተኛ እቀንሳለሁ ብሎ አንቺን ቢቀንስ በዚያ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨምራል፤ 12,000። 32,000 ደረሰ። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም ይገባሻል። የመጀመሪያውን ወረቀት ስትፈርሚ ይህ ሁሉ ከነበረበት ተነስቶ ስድስት ወር የሠራች ልጅ ሂሳብ ይሆናል። ሦስተኛዋን መስመር አንብቢልኝ እስቲ፦ «ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም ዓይነት ክፍያ የለም»። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሠራ፣ የሥልጠና ግዴታ የሌለበት ሰው በገዛ ፈቃዱ ሲለቅም እኮ ስንብት ይከፈለዋል። እነሱ ግን ለቀሽላቸውም፣ ሳይከፍሉሽም እንዲሆን ነው የፈለጉት። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።

አንድ ነገር ግን ልቆጣሽ። ባለፈው ሳምንት «ሆቴሉ ከተሸጠ ስንብቴን ይክፈሉኝና ልሂድ» ስትዪ ሰምቼሻለሁ። ሽያጭ ብቻውን ስንብት አያስከፍልም። ውሉ ካልተቋረጠ ስንብት የሚባል ነገር ገና አልመጣም ማለት ነው። ዓመቶችሽ እየተቆጠሩ ከሥራው ጋር ወደ አዲሱ ሰው ይሻገራሉ፤ የሆነ ቀን በሕግ በተቀመጠ ምክንያት ስትለያዩ ያን ጊዜ ተደምረው ይከፈላሉ። ይህን ሳያውቁ ከአሮጌው ባለቤት ጋር ለስንብት ሲጨቃጨቁ መልቀቂያ የሚፈርሙ ብዙ ናቸው። ትንሽ ብር አግኝተው ትልቁን ይጥላሉ።

ሰርቪስ ቻርጁንስ ምን አሉሽ? ይህ ነገር ሆቴል ለሚሠራ ሰው ከደመወዙ ይበልጣል፤ ወሩን የሚያዘልቅሽ እሱ ነው፣ የቤት ኪራይሽንም የሚከፍለው እሱ ነው። አዋጁ ግን ከደመወዝ አይቆጥረውም። ትርፍ ሰዓት፣ አበል፣ ቦነስ፣ ኮሚሽን፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ፣ እነዚህ ሁሉ ከደመወዝ ትርጉም ውጪ ናቸው። ለዚህ ነው ቅድም በ6,000ው ብቻ የደመርኩልሽ፤ በወር እጅሽ የሚገባው የቱንም ያህል ቢሆን ስንብቱ የሚሰላው በመነሻው ነው። አሠሪዎች ይህን ልቅም አድርገው ያውቁታል። መነሻውን ዝቅ፣ ሰርቪሱን ከፍ ያደረጉት በከንቱ አይምሰልሽ።

አሁን አዲሱ ሰው «ደመወዛችሁን 1,000 ብር እጨምራለሁ፣ ሰርቪስ ቻርጅ ግን አይከፋፈልም» ቢላችሁ በደስታ አታጨብጭቡ። መነሻው መጨመሩ ጥሩ ነው፤ ስንብቱንም ጡረታውንም ያሳድጋል። ግን ባለፈው ጥቅምትና ኅዳር ስብሰባ በበዛበት ጊዜ ስንት ደርሶሽ ነበር? ከዚያ ጋር አወዳድሪው። ደግሞ የእናንተ ክፍፍል በነጥብ ነው፣ በማኅበራችሁ የኅብረት ስምምነት ላይ ተጽፏል ብለሽኝ ነበር። ያንን ሰነድ ዛሬውኑ ኮፒ አድርጊው። በቃል ሲሠራበት የኖረ ነገር ባለቤት ሲቀየር «ማነው ያለው?» ይባላል፤ የተጻፈውን ግን ማጥፋት ይከብዳል።

ቆይ፣ ማን ምን እንደገዛም ማጣራት አለብሽ። «ተሸጠ» የሚባለው ሦስት ዓይነት ነገር ነው። አንዳንዴ የሚሸጠው አክሲዮኑ ነው፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበሩ እንዳለ ሆኖ ባለድርሻዎቹ ብቻ ይቀየራሉ። ያን ጊዜ አሠሪሽ ትናንት የነበረው ድርጅት ራሱ ነው፤ አዲስ ውል የሚያስፈልግበት ምክንያትም የለም። አንዳንዴ ድርጅቱ፣ ማለትም ሥራው ከነዕቃው ከነስሙ፣ ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል፤ አንቀጽ 16 የሚናገረው ስለዚህ ነው። ሦስተኛው ሕንፃው ብቻ ሲሸጥ ነው፤ ሆቴሉ ተዘግቶ ቤቱ ክሊኒክ ወይም ቢሮ ሲሆን። ይህኛው መዘጋት ነው፤ ያን ጊዜ ስንብቱም የ60 ቀኑ ተጨማሪም ይጠየቃል። መለያው ቀላል ነው፦ የድሮ ደመወዝ መክፈያሽ ላይ ያለውን ስምና የቲን ቁጥር ከአዲሱ ውል ራስጌ ጋር አስተያዪው። የአንቺ ስሙም ቁጥሩም የተለየ ነው፣ እንግዳው ግን መምጣቱን አላቆመም፣ አንቺም ትናንት ያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበርሽ። ድርጅቱ ነው የተላለፈው። «ለእድሳት ዘግተናል፣ ስንከፍት እንጠራችኋለን» የሚሉ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቂ፤ ቀኑን በጽሑፍ ይስጡሽ።

አሮጌው ባለቤት ሳይሄድ ከእሱ የምትወስጂያቸው ነገሮች አሉ፤ አንዴ ቢሮውን ካስረከበ ስልኩን አያነሳልሽም። የሥራ ልምድ ማስረጃ ጠይቂ። ሥራ ስትለቂ ብቻ የሚሰጥ ይመስላቸዋል፤ በፈለግሽ ጊዜ ስትጠይቂ በነፃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንሽና ደመወዝሽ ይጻፍበት። የተቀጠርሽበት ቀን በትክክል መግባቱን እይ፤ «ከ» የሚለው ቀን ላይ አንድ ዓመት ቢያጎድሉ አሁን ደመርንልሽ ያልነው ሁሉ ይጎድላል። ከፋይልሽ ውስጥ የቅጥር ደብዳቤሽን፣ የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤዎችን፣ ያልወሰድሽውን የዓመት ፈቃድ የሚያሳየውን ቅጽ ኮፒ አድርጊ። በስልክሽ ፎቶ ማንሳትም ይበቃል፤ ግን ማኅተሙ እንዲታይ።

ጡረታውን አትርሺው። በየወሩ ከደመወዝሽ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ድርጅቱ ደግሞ 11 በመቶ ይጨምራል፤ 6,000ው ላይ ከአንቺ 420፣ ከእነሱ 660 ብር ማለት ነው። ከደመወዝሽ መቆረጡ ደረሰኝሽ ላይ ይታያል፤ ገቢ መደረጉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሊሸጥ የደረሰ ድርጅት እጅ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚያዘገየው ይህችን ነው፤ ወዲያው የሚጮህ ሰው የለማ! የግል ድርጅት ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና አስተዳደር ሄደሽ በጡረታ መለያ ቁጥርሽ መዋጮሽ እስከ የትኛው ወር እንደገባ ጠይቂ። የጎደለ ካለ ሁለቱ ባለቤቶች ሒሳብ ሳይዘጉ ነው መታወቅ ያለበት።

ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት አለኝ ብለሽ ነበር፤ ከበዓሉ ሰሞን። እሱን ዛሬ ነገ አትበዪ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ከሥራ ያለአግባብ ተባርሬያለሁና ልመለስ የሚል ደግሞ ሦስት ወር ብቻ ነው ያለው። አሮጌው «አዲሱን ጠይቂ»፣ አዲሱ «ያኔ የነበረውን ጠይቂ» እያሉ ሲያመላልሱሽ ስድስት ወር ሳታውቂው ያልፋል። ጥያቄሽን ለሁለቱም በአንድ ቀን በጽሑፍ አስገቢ፤ ክስ ላይ ከደረሰም ሁለቱንም መጥራቱን ጠበቃ አማክሪ።

አዲሱ ሰውዬ ምንም ማድረግ አይችልም እያልኩሽ አይደለም። ቤቱን ማደስ፣ አሠራር መቀየር፣ ከበዛበትም ሠራተኛ መቀነስ ይችላል። ግን ሥርዓት አለው። እናንተ 45 አካባቢ ናችሁ፤ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ቢያንስ አምስት ሰው፣ ከዚያ በላይ ባለው ደግሞ ቢያንስ አሥር በመቶ ሲነካ ቅነሳ ይባላል፤ ከማኅበሩ ወይም ከሠራተኛ ተወካይ ጋር መመካከር ግድ ነው። ማን ይቅር ሲባል የሥራ ችሎታና ውጤት ይቀድማል፤ በዚያ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ የሚነካው አጭር አገልግሎት ያለው ነው። አየሽ እንዴት እንደሚመለስ? ሁላችሁም በአንድ ቀን «አዲስ ተቀጣሪ» ከሆናችሁ፣ አንቺም ሰውየው ባለፈው ወር ያመጣው የእህቱ ልጅም እኩል ጀማሪ ናችሁ። የሪሰፕሽኗ እርጉዝ ልጅም ይህን ትስማ፦ በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ከሥራ ማሰናበት ክልክል ነው። የስድስት ወሩ ውል ግን «ጊዜው አለቀ» ለማለት ይመቻቸዋል።

የጥበቃዎቹና የላውንድሪዎቹ ጉዳይ ግን ከእናንተ ይለያል፤ በአንድ አፍ እንዳትናገሪላቸው። እነሱን የቀጠራቸው ኤጀንሲው ነው፣ ደመወዛቸውም ከዚያ ነው የሚመጣው። ሆቴሉ ሲሸጥ የእነሱ አሠሪ አልተቀየረም። አዲሱ ባለቤት ኤጀንሲውን አሰናብቶ ሌላ ቢያመጣ፣ አሮጌው ኤጀንሲ ሌላ ቦታ ይመድባቸዋል ወይም በሥርዓቱ ከፍሎ ያሰናብታቸዋል፤ «ሆቴሉ አባረራችሁ» ብሎ እጁን መታጠብ አይችልም። አዲሱ ኤጀንሲ እነሱኑ ይውሰድ የሚል ግልጽ ደንብ ግን በእኛ አዋጅ ውስጥ የለም፤ ትልቅ ክፍተት ነው። ለንደን ያለችው የአክስታችን ልጅ ቢሮ ስታጸዳ የጽዳት ጨረታውን ሌላ ኩባንያ አሸነፈና «ቱፒ ተደረግን» ብላ ስትነግረኝ መጀመሪያ በሽታ መስሎኝ ነበር! እንግሊዞች በ2006 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ባወጡት ደንብ፣ የጽዳትም የጥበቃም አገልግሎት ከአንዱ ኮንትራክተር ወደ ሌላው ሲዞር ለዚያ ደንበኛ ተብሎ የተመደበው ቡድን ከነአገልግሎት ዘመኑ አብሮ ይዞራል። እሷ ሦስት ኩባንያ አይታ የምታጸዳው ሕንፃ ያው ነው። ለእኛ ጥበቃዎች እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ጥሩ ነበር።

ምን ልበላቸው ነው ጥያቄሽ? ጮክ ብለሽ መናገር አያስፈልግሽም፣ ፌስቡክ ላይም አትለጥፊው። ሥራ አትቅሪ፣ አትዘግዪ፣ ከእንግዳ ጋርም አትጋጪ፤ ሰበብ ለሚፈልግ ሰው ሰበብ አትስጪው። ሐሙስ ዕለት የምትፈርሚው አቴንዳንስ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ እንዲህ የምትል አጭር ደብዳቤ አስገቢ፦ «የድርጅቱ ባለቤትነት መተላለፉን ተገንዝቤያለሁ፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 16 እና 23 መሠረት የሥራ ውሌ እንደቀጠለ ስለሆነ ሥራዬን በነበረው ሁኔታ እየሠራሁ መሆኑን አሳውቃለሁ።» በቃ፣ ሌላ አትጨምሪበት። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጊና ኮፒሽ ላይ ቁጥሩና ቀኑ ይጻፍልሽ። አንቀበልም ካሉ ማኅበሩ በኩል ይግባ።

ሰውየው ክፉ ላይሆን ይችላል፤ አማካሪው የሰጠውን ቅጽ እያስፈረመ ሊሆን ይችላል። ፋይሉን ማደስ ብቻ ነው የፈለግሁት ካለ መልካም፣ ሦስት መስመር የምትሆን ማሻሻያ ይጻፍልሽ፦ የአሠሪው ስም ከዚህ ወደዚህ ተቀይሯል፤ የአገልግሎት ዘመኗ ከተቀጠረችበት ቀን ጀምሮ ይታሰባል፤ ሌላው የውሉ ይዘት እንዳለ ይቀጥላል። እሷን በደስታ ፈርሚ። እሷን አልጽፍም ካለ ግን ፍላጎቱ ፋይል ማደስ እንዳልነበረ አወቅሽ ማለት ነው።

ብቻሽን አትሂጂ። ማኅበራችሁ ተኝቶ ከሆነ ቀስቅሱት፤ አሥር ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይችላል፣ እናንተ ደግሞ ያቋቋማችሁት አለ። ካልሆነ የክፍለ ከተማችሁ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አሉት፤ እዚያ ማመልከት ይቻላል። ፍርድ ቤት ሲባል ብር አለኝ ወይ ብለሽ አትፍሪ፤ ሠራተኛ በሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ያለአግባብ ያሰናበተ አሠሪ ወይ ይመልሳል፣ ወይ ከስንብቱና ከማስጠንቀቂያው ሌላ የ180 ቀን ደመወዝ ካሳ ይከፍላል። በአንቺ ደመወዝ 36,000 ብር ነው። አማካሪው ይህችን ሒሳብ ያውቃታል፤ አንቺም እንደምታውቂያት ካወቀ አነጋገሩ ይለወጣል።

የኪችኗ ጓደኛሽ ትናንት ፈርማለች አልሽኝ። አታልቅሺ በያት። በስምምነት ሥራ ሲቋረጥ ሠራተኛው በሕግ የተሰጠውን መብት የሚተውበት ክፍል ውጤት የለውም፤ አንቀጽ 25 ነው። «የምጠይቀው ክፍያ የለም» ብላ ብትፈርምም አሥራ አንድ ዓመቷን በአንዲት መስመር አላጠፋችውም። ክርክሩ ለእሷ ይከብዳል እንጂ አልተዘጋም፤ በተለይ መልቀቂያውና አዲሱ ውል የአንድ ቀን መሆናቸውን የሚያሳየው ኮፒ ካላት። ኮፒ አልሰጧትም? በጽሑፍ ትጠይቅ፣ ገቢ ታስደርግ። የተፈረመበትን ቀን ደግሞ ከአሁኑ ወረቀት ላይ ታስፍረው፤ ሦስት ወሩ ከዚያ ነው የሚቆጠረው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ ደረሰኞቿን ይዛ ትምጣና የእሷንም እንደምረዋለን።